«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፦ ይናገር፣ ግን ለማን?

ይቺን አባባል ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ «በሽታውን የሸሸገ» ይላል፣ ሌላው «መድኃኒት አይገኝለትም» ብሎ ይጨርሳታል፤ ነገሩ ያው ነው። ችግሩን በሆዱ ይዞ ለሚብሰለሰል ሰው ትነገራለች። ባልና ሚስት ተጣልተው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አንደኛው ወገን «ኧረ ምንም የለም፣ ደህና ነን» እያለ ሲያድበሰብስ አንድ አባት ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ብድር ውስጥ ለተዘፈቀውም፣ ሱስ ለያዘውም፣ ሥራ ላይ ለተቸገረውም ትሠራለች። አውጣው፣ ተናገረው፣ መላ ይፈለግለታል ማለት ነው።

እኔ ዛሬ ወደ ሕክምናው ቤት ልመልሳት ነው የፈለግሁት። ምክንያቱም አባባሏን ሁልጊዜ በታማሚው ላይ ብቻ ነው የምንመዛት። ተናገር እንለዋለን። የሚሰማው ሰው ምን ዕዳ እንዳለበት ግን ብዙም አናነሳም።

አባባሏ የተነሳችበትን ኑሮ ማሰብ ይጠቅማል። ራጅና ላቦራቶሪ በሌለበት አገር መድኃኒተኛው፣ ወጌሻውና የልምድ አዋላጇ የነበራቸው መሣሪያ ዓይናቸው፣ እጃቸውና የታማሚው አፍ ነበር። ወጌሻ ስብራትን ዳብሶ ያገኘዋል፣ ቁስልም ይታያል። ቂጥኝና ጨብጥ፣ የማህፀን ሕመም፣ ከወሊድ በኋላ ሽንት አለመቆጣጠር፣ የአእምሮ መታወክ ግን ሰው የሚያፍርባቸው ናቸው፤ ባለቤቱ አፍ አውጥቶ ካልተናገረ ማንም አያውቅለትም። መድኃኒቱ ጓሮ በቅሎ በሽተኛው በእፍረት ይሞታል። አሁንም ቢሆን ብዙ አልተለወጠም፤ ጥሩ ሐኪም ማለት ግማሽ ሥራው ታሪክ መቀበል፣ ማለትም ሕመሙን ጠይቆ መስማት ነው፣ ምርመራ የሚታዘዘውም ከተነገረው ተነስቶ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ አባባል ጆሮ የሰጠች ቤት ናት። በንስሐ ትምህርት ኃጢአት ቁስል ነው፣ ካህኑ ሐኪም፣ ቀኖናው መድኃኒት። ቁስሉን ያልገለጠ አይታከምም። ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሰው ለንስሐ አባቱ የሚናገረው የሰሙት ነገር ከእሳቸው እንደማያልፍ ስለሚያምን ነው። የነፍስ አባት ምስጢር ቢያወጡ ማን ይናዘዛል? ማንም።

ደግሞ ያው ሕዝባችን ሌላም አባባል አለው፣ «ከአፍ የወጣ አፋፍ»። አንዴ ካመለጠ አይያዝም፣ ገደል ነው። ታማሚው በነዚህ በሁለቱ መሀል ነው የቆመው። ካልተናገረ አይድንም፤ ከተናገረ ደግሞ ሠፈር ያውቃል።

ይህን በኤች አይ ቪ ዘመን በደንብ አይተነዋል። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሰው ለመመርመር ከራሱ ከተማ ወጥቶ ማንም ወደማያውቀው ከተማ ይሄድ ነበር። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላም እንኳ ጎረቤት እንዳያያቸው ብለው ራቅ ያለ ጤና ጣቢያ የሚመላለሱ፣ የመድኃኒቱን ስም ከብልቃጡ ላይ ልጠው የሚያስቀምጡ ነበሩ። መድኃኒቱ አለ፣ በነፃ ነው፤ ግን ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ የአክስት ልጅ ጓደኛ ናት። እንዲህ ያለውን ሰው «በሽታውን የደበቀ» ብሎ መውቀስ ለእኔ ግፍ ነው። እሱ በሽታውን የደበቀው ከወሬ ነው።

የሙያ ምስጢር መጠበቅ የሚባለው ነገር የመጣው ለዚሁ ነው። በጥንቱ የግሪክ ሐኪም ስም የሚጠራው የሂፖክራተስ መሐላ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሐኪም በሥራው ላይ ያየውንና የሰማውን እንዳያወራ ያስምል ነበር። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው የጄኔቫ ቃለ መሐላም ይህንኑ ይዟል፤ ዛሬ በሚነበብበት መልኩ ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ እንኳ ምስጢሩን አክብሬ እጠብቃለሁ ያሰኛል። በእኛም አገር ይህ የሥነ ምግባር ምክር ብቻ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያው ያወቀውን ምስጢር ያወጣን ሰው ይቀጣል፤ ከተዘረዘሩት መካከል ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱ፣ አዋላጇና ነርሷ ከጠበቃው ጋር፣ ከሃይማኖት አባቱም ጋር አብረው ተቀምጠዋል። ያ የንስሐ አባት ነገር ሕጉ ውስጥም ገብቷል ማለት ነው። በእርግጥ ገደብ አለው። ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ሪፖርት መደረግ ያለበት ተላላፊ በሽታ ሲገኝ፣ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን ሐኪሙ የሚናገርበት መንገድ አለ። ይሄም ቢሆን ለሚመለከተው አካል ነው እንጂ ሻይ ቤት አይደለም።

ሕጉ አንድ ነገር፣ ክፍሉ ሌላ ነገር። ብዙ ተመላላሽ ክፍሎች ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ተረኛው አንገቱን አስግጎ «ዶክተር፣ ውጤት ለማሳየት ብቻ ነው» ይላል፣ ሌላ ታማሚ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዚህ መሀል ልጅቷ «የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው? ፈሳሽ አለው?» ተብላ ትጠየቃለች። «ምንም የለም» ትላለች፣ ሌላ ምን ትበል? ሆድ ይፍጀው ብላ ትወጣለች። የተጻፈላት መድኃኒትም ከሕመሟ ጋር አይገናኝም። አንዲት የማውቃት ነርስ ግን እናት ልጇን ይዛ ስትመጣና ልጅቷ አቀርቅራ ስታይ፣ «እማማ፣ ይህችን ወረቀት ካርድ ክፍል ያድርሱልኝ» ብላ ትልካቸዋለች። ወረቀቷ ያን ያህል አስቸኳይ አይደለችም። እናት እስኪመለሱ በሩ ይዘጋል፣ ልጅቷ ትናገራለች። ወጪ የለውም፣ ሥልጠና የለውም፣ ሰው መሆን ነው።

አሁን ደግሞ አባባሏን ገልብጧት። በሽታውን የደበቀው ሐኪሙ ወይም ቤተሰቡ ቢሆንስ?

ይሄ የእኛ ትልቁ ጣጣ ነው። ውጤቱ ካንሰር ሆኖ ሲመጣ ታማሚዋ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ አስታማሚዋ «አንዴ ላነጋግርህ» ተብሎ ኮሪደር ላይ ይነገረዋል። ከዚያ ቤተሰብ ይሰበሰብና «ለሷ እንዳትነግሯት፣ ትደነግጣለች» ይባላል። «ትንሽ ቁስለት ናት» ትባላለች፣ የኬሞ መርፌው ሲጀመርም «ለደም ማነስ ነው» ይባላል። ክፋት አይደለም፣ ከፍቅር ነው፤ ክፉ ወሬ በድንገት የማይነገርበት፣ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ የሚረዳበት አገር ነው ያለነው። ይህን ወግ አከብረዋለሁ። ግን ሴትዮዋ መናዘዝ ትፈልግ ይሆናል፣ ቤቷን ለልጆቿ ማስተላለፍ፣ ባሕር ማዶ ያለ ልጇን መጥራት፣ ወይም ሕክምናው ይቅርብኝ ብላ ጠበል መግባት። ሰውነቱ የእሷ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው የሕክምና ምርመራንም ሕክምናንም አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይናገራል፤ ግን ምን እንደያዛት ያላወቀች ሰው ምኑን ትቀበላለች፣ ምኑን ትመልሳለች?

መሀል መንገድ አለ፣ ጥሩ ሐኪሞችም ያውቁታል። ከውጤቱ በፊት ታማሚዋን ራሷን መጠየቅ ነው፦ «ውጤቱ ሲመጣ ለራስዎ ልንገርዎት ወይስ የሚያምኑት ሰው አብሮ ይኑር?» «ለልጄ ንገረው፣ እኔ አልፈልግም» ካለችም ምርጫው የእሷ ነው። አለማወቅን ራሷ መምረጧና ሌሎች ስለሷ መምረጣቸው አንድ አይደለም።

ሐኪም በሽታ ሲደብቅ እስከ የት እንደሚሄድ ዓለም ያየው አሜሪካ ውስጥ ነው፣ አላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ በምትባል ከተማ። የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1932 ጀምሮ 600 ጥቁር ወንዶችን ለጥናት ያዘ። ከነሱ 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። ቂጥኝ ነው አልተባሉም፣ «መጥፎ ደም» ነው ተባሉ። ምግብና ነፃ ምርመራ ይሰጣቸዋል፣ ሲሞቱም የቀብር ወጪያቸው ይሸፈናል፤ አስከሬናቸው ግን ይመረመራል። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም አልሰጧቸውም፤ በሽታው ሳይታከም ወዴት እንደሚሄድ ለማየት። አርባ ዓመት! ፒተር በክስተን የሚባል የዚያው የጤና አገልግሎት ሠራተኛ ደጋግሞ አቤት ብሎ የሚሰማው ሲያጣ ለጋዜጠኛ ነገረና በ1972 ወሬው ወጣ፣ ጥናቱም ቆመ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1997 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ።

እነዚያ ሰዎች በሽታቸውን አልደበቁም። ክንዳቸውን ዘርግተው ደማቸውን ሰጥተዋል፣ የሚያማቸውን ተናግረዋል። መድኃኒት ያጡት ሌላው ስለደበቃቸው ነው።

ዛሬ የሕክምና ተማሪ የሚማራቸው አራት መርሆች፣ ማለትም የታማሚውን ውሳኔ ማክበር፣ መልካም ማድረግ፣ አለመጉዳትና ፍትሕ፣ መልክ የያዙት ይህ ጉድ በወጣበት በዚያው አስርት ዓመት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ የታተመው የቤልሞንት ሪፖርት ደግሞ በቀጥታ ተስኪጊ የወለደው ነው፤ በሰው ላይ ጥናት ሲደረግ ሰውየው ገብቶት፣ ወዶ፣ ያለ ግፊት መስማማት አለበት ይላል። አራቱም መርሆች ተስኪጊ ላይ ተጥሰዋል፤ ፍትሕ የሚለው በተለይ፣ ምክንያቱም ሆን ተብሎ የተመረጡት ድሆችና ጥቁሮች ነበሩ።

እኛም ጋ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ተብሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ወረቀት ይቀርባል፣ ብዙዎቻችን ሳናነብ እንፈርማለን። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ስምምነት የሚለው ታማሚው ስለ ሕክምናው ተነግሮት የሚሰጠውን ነው፤ ፊርማ ብቻውን ያንን አይሆንም። ስለዚህ ጠይቁ። ምን ሊሠራልኝ ነው? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? ሌላ አማራጭ የለም ወይ? በሩ ክፍት ከሆነም «ዶክተር፣ በሩን ዝጋልኝና ልንገርህ» በሉ። ይህን ማለት ሐኪሙን መድፈር አይደለም፣ ሥራውን ማገዝ ነው፤ ብዙዎቹም ተነስተው ይዘጉታል።