የእንጨት ቀፎ በጆሮ ማዳመጫ ድምፅ ላይ ያለው ድርሻ

የእንጨት ቀፎ ያለው የጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፅ አመንጪው ድራይቨር የሚያርፍበት ሽፋን በፕላስቲክ ወይም በብረት ፈንታ ከእንጨት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። በዚህ ሥራ የጃፓን አምራቾች ስማቸው ቀድሞ ይነሣል።

ከሁሉም የላቀ ስፍራ የተሰጠው ሶኒ በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኤምዲአር-አር10 ነው። ቀፎው 200 ዓመት ገደማ ካስቆጠረ ኬያኪ ከተባለ የጃፓን ዛፍ የተፈለፈለ ሲሆን፣ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ እየተርገበገበ ድምፅ የሚፈጥረው የድራይቨሩ ስስ ሽፋን ደግሞ ባክቴሪያዎች ከሚያመነጩት ሴሉሎስ ተሠርቷል። ከእርሱ በኋላ ኦዲዮ-ቴክኒካ ዞጲን፣ ዴኖን ማሆጋኒንና በ2018 እ.ኤ.አ. ቀርከሃን ተጠቅመዋል። የሮማኒያው ኩባንያ ሜዜም ዋልነት በተባለ እንጨት ይሠራል።

ድራይቨር ወደ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ድምፅ ይለቃል፤ በዝግ ማዳመጫ ውስጥ ይህ የኋላ ሞገድ ከግድግዳው ተላትሞ በስሱ ሽፋን በኩል ወደ ጆሮ ይመለሳል። ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቀፎ ውስጥ የሚመላለሰው ሞገድ 4,300 ኸርዝ (በሴኮንድ 4,300 ንዝረት) አካባቢ ይጎላል፤ ይህም የሰው ጆሮ በጣም ንቁ በሆነበት ክልል ውስጥ ይወድቃል። የበገና ገበቴ ከተለበጠበት ቆዳ ጋር እንዲርገበገብ ሲፈለግ፣ ከማዳመጫ ቀፎ የሚፈለገው ግን ተቃራኒው፣ ጸጥ ማለቱ ነው። እንጨት ንዝረትን ከአሉሚኒየም ይልቅ ቶሎ ያበርዳል፤ ወፍራምና ጎባጣ አድርጎ ለመቅረጽም ይመቻል፤ ትልቁ ውለታውም ይኸው ነው።

እያንዳንዱ የእንጨት ዓይነት ለድምፁ የየራሱን ቃና ይሰጣል የሚለው ግን አከራካሪ ነው። ቀፎ ሲቀየር የውስጡ ስፋት፣ የግድግዳው ውፍረትና አንዳንዴም በውስጡ የሚጠቀጠቀው ጥጥ አብረው ስለሚለወጡ፣ የተሰማውን ልዩነት ለእንጨቱ ብቻ መስጠት ያስቸግራል። የጆሮ ትራሱ በሚገባ አለመግጠምም ብቻውን ወፍራሙን ድምፅ ያሳሳል። በኒው ዮርክ ብሩክሊን የሚሠሩት የግራዶ ኩባንያ ማሆጋኒ ማዳመጫዎች ደግሞ ጀርባቸው ክፍት በመሆኑ የኋላው ሞገድ በአብዛኛው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስለዚህ ስለ ዝግ ቀፎ የተባለው በእነርሱ ላይ እንዳለ አይሠራም።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በደንብ ደርቆ ይቀባል። የጃፓኑ አምራች ፎስቴክስ፣ ቲኤች900 በተባለው ማዳመጫው ላይ፣ ከዛፍ ፈሳሽ የሚዘጋጀውን ኡሩሺ የተባለ ባህላዊ ቅብ በርች በተባለ የጃፓን እንጨት ላይ ተጠቅሟል፤ ደማቅ ቀይ መልኩም ከዚሁ የመጣ ነው።