የውሃ፣ የመብራትና የማብሰያ አያያዝ በመሀል አዲስ አበባ ቤቶች

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስ፣ በልደታና በአካባቢያቸው የቤት ውሃና መብራት አያያዝ ሲባል ወርኃዊ ክፍያን በጊዜ መፈጸም ብቻ ማለት አይደለም። ውሃ በመጣ ሰዓት አጠራቅሞ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ማብቃቃትን፣ መብራት ሳይሄድ ጋግሮ መጨረስን፣ ሁለቱም የጠፉ እንደሆነ የሚያገለግል ከሰል ወይም ሲሊንደር ጋዝ ማስቀመጥን ይጨምራል። የጉዳዩ ቁልፍ ከዋጋው ይልቅ ሰዓቱ ነው፤ በዚህ ረገድ የተደራጀ ቤት በአነስተኛ ወጪም ቢሆን ሳይቸገር ይኖራል።

ከተማዋ ውሃ የምታገኘው በዋናነት በምዕራብ ካለው ከገፈርሳ፣ በሰሜን ምሥራቅ ካሉት ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም በደቡብ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ሲሆን፣ ሥርጭቱን የሚያስተዳድረው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች ከመሀል ከተማው ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ስለሚገኙ ውሃቸው ወደ ላይ የሚገፋው በኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ስለዚህ ኃይል ሲቋረጥ ውሃም አብሮ የሚጠፋበት አጋጣሚ አለ።

ውሃ በፈረቃ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ቧንቧውን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት ነው። ሮቶ ያለው ቤት ተኝቶ ያጠራቅማል፤ የሌለው ግን ባልዲና ጀሪካን ደርድሮ ይጠብቃል። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ አንድ ቶን ስለሆነ፣ ማስቀመጫውን በቀጭን ብረት መሥራት አደገኛ ነው። ከሮቶው በታች ያለው እያንዳንዱ አሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ ባር (የግፊት መለኪያ) ገደማ በመሆኑ፣ ሮቶውን ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ ከመታጠቢያው ጣሪያ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሻወሩ ቢንጠባጠብበት ሊገርመው አይገባም። መስመሩ ባዶ ሲሆን የተጠራቀመው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭም ያስፈልጋል፤ ይህን ትንሽ ዕቃ ሳይገጥሙ ሮቶ ብቻ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው።

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ምክንያት በተፈጠሩት የቀበሌ ቤቶች ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአንድ ግቢ ብዙ አባወራዎች አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪና አንድ መጸዳጃ ቤት ሊጋሩ ይችላሉ። የውሃ ሒሳብ ብዙውን ጊዜ በቤተሰብ ቁጥር ይከፋፈላል፤ ይህ ብዙም አያጣላም። የሚያጣላው የመብራቱ ነው፤ ምክንያቱም አንድ አምፖል ብቻ የሚያበራ ጡረተኛና በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት እኩል ይክፈሉ ማለት አይቻልም። ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ከየትኛውም የሽማግሌ ዳኝነት ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ ይህ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ስለሆነ በተራ ዲቫይደር ላይ መሰካት ገመዱን ያቀልጠዋል። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር የትራንስፎርመሩ ጭነት ስለሚበዛ፣ የለመዱ እናቶች ከሁለት ቀን በፊት ወይም ገና ሳይነጋ ይጋግራሉ። የጎረቤት መብራት በርቶ የራስ ከጠፋ በመጀመሪያ ብሬከርን፣ የካርድ ቆጣሪ ከሆነም ቀሪ ሒሳቡን ማየት ይገባል፤ ሁለቱም ደህና ከሆኑ ኃይል ወደ ሰፈሩ ከሚያመጡት ሦስት ፌዞች (የኤሌክትሪክ መስመሮች) አንዱ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል ጥቆማው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ተቋሙ በ2006 ዓ.ም. ከኃይል አመንጪው ተለይቶ የተቋቋመ ሲሆን የሥርጭቱና የሽያጩ ባለቤት ነው። መብራት ሲሄድ ፍሪጅን መንቀልና ተመልሶ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ሞተሩን ከቮልቴጅ መዋዠቅ ያድነዋል።

በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሥጋ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜና ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋሉ፤ የግፊት ድስት እዚህ ቅንጦት አይደለም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ መጋጠሚያው የሚፈተሸው በክብሪት ሳይሆን በሳሙና አረፋ ነው። ከሰል ደግሞ ፍም ከሆነ አይጎዳም የሚለው እምነት ሐሰት ነው። የደህና ከሰል ፍም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል።

የፍሳሽ መስመር ያልደረሰባቸው ግቢዎች ጉድጓዳቸውን በመምጠጫ መኪና ያስመጥጣሉ፤ ጠባብ መንገድ ላይ ያሉት መኪናው የቱ ድረስ እንደሚገባና የቱቦውን ርዝመት ከመጥራታቸው በፊት መለካት አለባቸው። ቤት የሚከራይ ሰውም ከኪራዩ አስቀድሞ ውሃ በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣ ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት ቢጠይቅ፣ በገባበት ዕለትም የሁለቱን ቆጣሪዎች ንባብ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ቢያስቀምጥ የቀድሞ ተከራይ ዕዳ አይመጣበትም።