ሲቪቲ ምንድን ነው? የሥራ ኤቲቪን ጉልበትና ዕድሜ የሚወስነው ቺንጋ

ስለ ኤቲቪ፣ ማለትም እንደ ሞተር ብስክሌት በመሪ ከመንገድ ውጭ ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ጎማ ማሽን፣ «የማን ይሻላል?» የሚል ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ሲሲ፣ ማለትም የሞተሩ መጠን ነው። የአንዱ 420፣ የሌላው 570፣ የሦስተኛው 1000 ይባላል። ቀጥሎ የፋብሪካ ስም ይመጣል፤ ሆንዳ አይሞትም፣ ፖላሪስ ይመቻል፣ ካን-አም ይበርራል። ሁሉም የየራሱ እውነት ይኖረው ይሆናል። ለሥራ የተሠራ ኤቲቪ ግን፣ ተጎታች የሚስበው፣ የመድኃኒት መርጫ በርሜል የሚሸከመው፣ በጭቃ አቀበት የሚወጣው ዓይነት፣ ጽናቱ የተንጠለጠለው ማንም ቀድሞ በማይጠይቀው ነገር ላይ ነው። የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ የሚደርሰው በምን በኩል ነው? በአብዛኞቹ ላይ መልሱ ሲቪቲ ነው።

ሲቪቲ በደረጃ የተከፋፈለ ማርሽ የሌለው ካምቢዮ ነው። ሁለት ፑሊዎች (ቺንጋ የሚዞርባቸው መንኮራኩሮች) እና አንድ የጎማ ቺንጋ፤ ዋናው ነገር ይኸው ነው። እያንዳንዱ ፑሊ ፊት ለፊት የተደቀኑ ሁለት ሾጣጣ ሳህኖች አሉት። ሳህኖቹ ሲቀራረቡ ቺንጋው ወደ ጠርዝ ይወጣል፣ ሲራራቁ ወደ መሃል ይሰምጣል። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ፑሊ ውስጥ ክብደቶች አሉ። ጋዝ ሲሰጠውና ዙሩ ሲጨምር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ ሳህኖቹን ያቀራርባሉ፣ ቺንጋውም ይወጣል። የቺንጋው ርዝመት ስለማይለወጥ የኋላው ፑሊ እንዲከፈት ይገደዳል። በማርሽ በትንሽና በትልቅ ጥርስ የሚገኘው ጥምርታ (ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) በዚህ መንገድ፣ ምንም መዝለል ሳይኖር፣ እየተለወጠ ይሄዳል።

የኋላው ፑሊ የበለጠ ብልህ ነው ባይ ነኝ። ውስጡ ሞላና ጠመዝማዛ ተዳፋት አለ። ጎማው ሸክም ሲከብደው ያ ጠመዝማዛ ሳህኖቹን ይበልጥ ያጣብቃቸዋል። ስለዚህ አቀበት ላይ ጭነት ሲበዛ ማሽኑ ራሱ ወደ ከባዱ፣ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ወደሚጨምረው ጥምርታ ይመለሳል። አሽከርካሪው ግን አውራ ጣቱን ከጋዙ ላይ እንኳ አላነሳም።

አሠራሩ በኤቲቪ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1958 የኔዘርላንዱ ዳፍ በጎማ ቺንጋ የምትሄድ ትንሽ መኪና አስተዋውቆ ነበር። የዳፍ መኪኖች ወደ ኋላም ወደ ፊት የሚሄዱትን ያህል መፍጠን ይችሉ ስለነበር ሆላንዶች ወደ ኋላ የመንዳት ውድድር ያካሂዱባቸው ነበር። ኋላ ላይ በበረዶ ላይ የሚነዱት ስኖውሞቢሎች ቺንጋን መደበኛ አደረጉት። ፖላሪስ በ1985 የመጀመሪያውን ኤቲቪ ሲያወጣ ስኖውሞቢል የመሥራት የብዙ ዓመታት ልምድ ነበረውና ቺንጋውን ይዞ መጣ። ሆንዳ ግን ከሞተር ብስክሌት ነው የመጣው። በ1970 ባለሦስት ጎማውን፣ በ1986 ደግሞ አራቱም ጎማ የሚሠራውን ፎርትራክስ 350 ሲያቀርብ በብረት ማርሽ ቆየ። ዛሬ በሁለቱ መካከል የምናየው የጠባይ ልዩነት ከዚህ የዘር ሐረግ የወረደ ነው።

በጉልበት በኩል ቺንጋው አሸናፊ ነው። አምስት ማርሽ ያለው ማሽን አምስት ጥምርታ ብቻ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ለሞተሩ ወይ ይበዛበታል ወይ ያንሰዋል። ሲቪቲ ግን ሞተሩን ጉልበቱ ከፍ በሚልበት ዙር ላይ አቁሞ ፍጥነቱን በፑሊው ይጨምራል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የሚነዳው ሰው «ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይፈጥንም» ብሎ የሚሳሳተው። ይፈጥናል፤ የድምፁ ቃና ስለማይለወጥ ነው የማይሰማው። ጆሮ የለመደው የማርሽ ለውጥን ነው።

ሂሳቡ የሚከፈለው በሙቀት ነው። ጎማ በብረት ላይ ሲታሽ ይሞቃል፣ ከተንሸራተተ ደግሞ ይቃጠላል። ቺንጋው ውስጥ እንደ አራሚድ ያለ ጠንካራ ክር ቢኖረውም ጎማው ከተጠበሰ በኋላ ክሩ ብቻውን አይሸከምም። ፑሊዎቹ ሲሽከረከሩ አየር የሚነዱ ክንፎች ያሏቸውም፣ ሽፋኑ የራሱ የአየር መግቢያና መውጫ የተሠራለትም ለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ላይ ደረስን። አብዛኛው ባለ ቺንጋ የሥራ ኤቲቪ ከሲቪቲው በኋላ ሁለት ማርሽ አለው፤ «ኤል» የተባለው ከባዱ፣ «ኤች» የተባለው ቀላሉ። ጭነት ይዞ በእግረኛ ፍጥነት በ«ኤች» የሚያዘግም ሰው ቺንጋውን እየጠበሰው ነው። ሞተሩ ዝቅተኛ ዙር ላይ ስለሆነ ፑሊው ቺንጋውን አጥብቆ አይዝም፣ የሚነዳው አየርም ትንሽ ነው፣ የሚሸከመው ጉልበት ግን ብዙ። በ«ኤል» ላይ ለተመሳሳይ ፍጥነት ፑሊዎቹ በጣም ፈጥነው ይዞራሉ፣ ቺንጋው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ይቀንሳል፣ አየሩም ይበዛል። «ይህ ሞዴል ቺንጋ ይበላል» የሚል ወቀሳ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፋብሪካው ሳይሆን የማርሽ ዘንጉ የት ላይ እንደነበረ ነው።

ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ጋዝ መጫንም እንደዚሁ ነው። ጎማው አይዞርም፣ የፊተኛው ፑሊ ግን ይዞራል፤ የቺንጋው አንድ ቦታ ብቻ እየታሸ ይበላል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲነሳ ዱብ ዱብ የሚል መንቀጥቀጥ ይሰማል። ያ ምልክት ከመጣ ቺንጋውን ከመቀየር ሌላ መድኃኒት የለውም። ውሃ የገባበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለሚንሸራተት እንጂ ስለተጎዳ ላይሆን ይችላል። ቆሞ የሽፋኑን ማፍሰሻ መክፈት፣ ከማርሽ አውጥቶም ሞተሩን ጥቂት ማስጮህ አብዛኛውን ጊዜ ያደርቀዋል።

ሁሉም ባለ ቺንጋዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በብዙ የፖላሪስ ስፖርትስማን ሞዴሎች ቺንጋው ራሱ ፍሪሲዮንም ነው፤ በሚኒሞ ላይ ላላ ብሎ ይቆያል፣ ጋዝ ሲሰጠው ፑሊው ይጨብጠዋል። መነሳት በተደጋገመ ቁጥር ትንሽ መታሸት አለ ማለት ነው። ያማሃ በግሪዝሊው ላይ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። ቺንጋው ሁልጊዜ ተወጥሮ ይቆያል፣ የመያዝና የመልቀቅ ሥራውን ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ፍሪሲዮን ይወስዳል። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር መያዣም ስላለው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ማሽኑን ይይዘዋል። ቀስ ብሎ መነሳትና መቆም ለሚበዛበት ሥራ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ቁልቁለት ለሚበዛበት ቦታ ማንኛውንም ባለ ቺንጋ ከመግዛት በፊት የሞተር ፍሬኑን ጋዝ ለቆ መሞከር ግድ ነው። አንዳንዱ ዙሩ ሲወርድ ቺንጋውን ይለቅቃል፣ ማሽኑም በራሱ ክብደት መንደርደር ይጀምራል።

የሆንዳ ራንቸርና ፎርማን ደግሞ ቺንጋ የላቸውም፤ ስለዚህ ቺንጋቸው አይበጠስም። ማርሹ ዘይት ውስጥ ነው፣ ፍሪሲዮኑ በዙሩ ራሱ ይይዛል፣ ማርሹ በእግር ወይም እንደ ሞዴሉ በእጅ ቁልፍ ይቀየራል። ሌላው የሆንዳ ሞዴል ሩቢኮን በአዳዲሶቹ ዓይነቶቹ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክም ይመጣል። ዝናቸው ከባዶ አልመጣም። ነገር ግን በ420 ሲሲ ሞተር ላይ ብረት ማርሽ ረጅም ዕድሜ ማግኘቱን፣ ከ90 ፈረስ ጉልበት በላይ ካለው ባለ 1000 ሲሲ ማሽን ቺንጋ ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። ጉልበቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ሲሆን የሚሰበረውም ነገር እንደዚያው ይበዛል። ፍሪሲዮንም ያልቃል፣ ማርሽ መቀየሪያው ኤሌክትሪክ ከሆነ የመቀየሪያው ትንሽ ሞተርና ሽቦው ይታመማል። ያኔ ጥገናው ቺንጋ ከመቀየር ይከብዳል፤ ቺንጋ እንደ ፊውዝ ነው፣ ራሱ ተቃጥሎ ከኋላው ያለውን ያተርፋል።

ሌላው ፍርድ የሚያዛባ ነገር የጎማ ቅያሬ ነው። ከፋብሪካ ከመጣው ጎማ ትልቅና ከባድ ጎማ የተገጠመለት ማሽን ጥምርታው ተበላሽቷል፤ ክብደቶቹና ሞላዎቹ ለእሱ አልተስተካከሉም። ያገለገለ ኤቲቪ ስትገዙ ይህን እዩ፣ የቺንጋውን ሽፋንም አስከፍቱ። ወርዱ አምራቹ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ በታች ከሆነ፣ ጎኑ እንደ መስታወት ካንጸባረቀ ወይም የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ የቀድሞው ባለቤት አነዳድ ተነግሯችኋል። የተበጠሰ ቺንጋ ስትቀይሩ ደግሞ ክሩን ከፑሊዎቹ ዘንግ ላይ ለቅማችሁ ጨርሱ፤ የቀረው ክር የዘይት መከላከያ ጎማውን ቆርጦ ሁለተኛ ብልሽት ያመጣል።

ትርፍ ቺንጋ ከወንበር ሥር የሚይዙ ብዙ ናቸው። የኋላውን ፑሊ የሚከፍተውን መሣሪያ አብረው የሚይዙት ግን ጥቂት ናቸው፤ በብዙ ሞዴሎች ደግሞ ያለ እሱ አዲሱ ቺንጋ ከፑሊው ጠርዝ አልፎ አይገባም።