ቂም የያዘ ሸማች፦ የጃፓን ዕቃ በቻይናና በደቡብ ኮሪያ

ዕቃው ጥሩ እንደሆነ እያወቁ አለመግዛት አለ። ብር አጥሮ አይደለም፤ የተሠራበት አገር ላይ ቁርሾ ስላለ ነው። ጉዳዩን በደንብ ያሳየው በ1998 የታተመ አንድ ጥናት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ተመራማሪዎቹ የመረጡት የቻይናዋን ናንጂንግ ነበር፤ የጃፓን ጦር በ1937 መጨረሻ ገብቶ ሕዝብ የጨፈጨፈባትን ከተማ። ቂም ያለባቸው ሸማቾች የጃፓንን ዕቃ ጥራት ያጣጥሉ ይሆን? አላጣጣሉም። ጥሩ ነው እያሉ ነው የማይገዙት። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ኩባንያው ጥራቱን የፈለገውን ያህል ቢያሻሽል፣ ሸማቹ የተጣላው ከዕቃው ጋር ስላልሆነ ብዙም አይረዳውም።

ቂሙ ደግሞ ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ይነሳል። በመስከረም 2012 የጃፓን መንግሥት ቻይናም የኔ ናቸው ከምትላቸው ደሴቶች ሦስቱን ከግል ባለቤታቸው ገዛ። በብዙ የቻይና ከተሞች ሰልፍ ወጣ፣ የጃፓን መኪኖች ተሰባበሩ፣ የቶዮታ ሽያጭ በዚያው ወር በግማሽ ገደማ ወረደ። አንዳንዱ ባለመኪና እንዳይመታበት የቻይናን ባንዲራ ለጠፈ። የሚያሳዝነው፣ ከተሰባበሩት መኪኖች ብዙዎቹ እዚያው ቻይና ውስጥ፣ በቻይናውያን ሠራተኞች የተገጣጠሙ ነበሩ።

የደቡብ ኮሪያው የተለየ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 አንድ የጃፓን ኩባንያ በቅኝ ግዛት ዘመን በግዳጅ ላሠራቸው ኮሪያውያን ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። ጃፓን በሐምሌ 2019 ለኮሪያ የቺፕ ፋብሪካዎች የሚያስፈልጉ ሦስት ኬሚካሎች ላይ የኤክስፖርት ቁጥጥር ስታጠብቅ ሕዝቡ ነገሩን እንደ በቀል አየው። የጃፓን ቢራ ከሱቅ መደርደሪያ ተነሳ፤ ወደ አገር የሚገባውም በጥቂት ወራት ውስጥ ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የጃፓኑ የልብስ ኩባንያ የዩኒክሎ አንድ ኃላፊ የጃፓንን ዕቃ ያለመግዛት አድማው ብዙ አይቆይም ብሎ ነገሩን አባባሰው፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። በመስከረም አዲስ የታርጋ ቁጥር ሲወጣ ደግሞ አድማው ከተጀመረ በኋላ የጃፓን መኪና የገዛ ሰው በታርጋው ይታወቅ ጀመር።

ሰው የሚያየው ዕቃ ላይ ነው ዱላው የሚበረታው። ቢራ፣ ልብስና መኪና ምትክ አላቸው፤ ጎረቤትም ያያቸዋል። ምትክ የሌለው ሲመጣ ቂሙ ይላላል። በ2020 ጸደይ፣ አድማው ገና ሳይበርድ፣ ሴኡል ውስጥ የጃፓኑን የኒንቴንዶ ጌም ለመግዛት ረጅም ሰልፍ ተይዞ ነበር። ኒሳን በዚያው ዓመት ገበያውን ለቆ ወጣ። ዩኒክሎ ግን ብዙ ሱቅ ከዘጋ በኋላ በ2024 የኮሪያ ሽያጩን ከ1 ትሪሊዮን ዎን በላይ መልሶ አድርሷል።