የክሬዲት ካርድ ዕዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የክሬዲት ካርድ ወለድ የሚነገረው በዓመት ነው፤ የሚቆጠረው ግን በአብዛኛው በየቀኑ ነው። ዓመታዊ ወለዱ 24 በመቶ በሆነ ካርድ ላይ በቀን 0.066 በመቶ ገደማ ይታሰባል፤ በወር 2 በመቶ አካባቢ ማለት ነው። ከዚህ በታች በዚህ የወለድ መጠን 6,000 ዕዳ እንዳለ አድርገን እናሰላለን። በየትኛውም ገንዘብ ቢቆጠር ስሌቱ ያው ነው።

«ዝቅተኛውን ክፍያ ሳላቋርጥ ከከፈልኩ ዕዳው ቀስ እያለ ያልቃል»

ዝቅተኛው ክፍያ ከቅጣት ያድናል፤ ዕዳውን ግን እምብዛም አይነካውም። ብዙ ባንኮች የወሩን ወለድ ከዋናው ዕዳ 1 በመቶ ጋር ደምረው ያስከፍላሉ። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ወር ክፍያ 180 ነው፤ 120ው ለወለድ ይሄዳል፣ ከዋናው ዕዳ የሚነሣው 60 ብቻ ነው። ዕዳው ሲቀንስ ዝቅተኛው ክፍያም አብሮ ይቀንሳል፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ አካሄድ 69 ወራት ካለፉ በኋላ 9,000 ገደማ ተከፍሎም 3,000 ዕዳ ይቀራል። ከተከፈለው ውስጥ 6,000ው ወለድ ነው።

ስቴትመንቱ (ባንኩ በየወሩ የሚልከው የሒሳብ መግለጫ) የሚጠይቀው ቁጥር እየቀነሰ ቢሄድም፣ በካርዱ ሌላ ነገር ሳይገዙ በየወሩ ያንኑ 180 ይክፈሉ። ዕዳው በ56 ወራት ያልቃል፤ ጠቅላላ ወለዱም ወደ 4,000 ይጠጋል። 300 መክፈል ከቻሉ 26 ወራት ይበቃሉ፣ ወለዱም 1,740 ገደማ ይሆናል። አውቶማቲክ ክፍያ ሲያስይዙ ዝቅተኛውን ክፍያ ሳይሆን ቋሚ መጠን ይምረጡ።

«የመክፈያው ቀን ሳይደርስ መክፈል ጥቅም የለውም»

ወለዱ በየቀኑ የሚቆጠር ከሆነ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። 300ውን ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ከመክፈያው ቀን 20 ቀን ቀድመው ቢከፍሉ 4 ገደማ ይተርፍዎታል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ምንም ተጨማሪ ገንዘብ ሳያወጡ በየወሩ የሚያገኙት ነው። ከሁሉ በላይ ገንዘቡ ሌላ ወጪ ላይ ሳይውል ዕዳው ላይ ይውላል።

«አዲስ የምገዛው ዕቃ እስከ መክፈያው ቀን ወለድ አይታሰብበትም»

ይህ የእፎይታ ጊዜ የሚሰጠው ባለፈው ስቴትመንት ላይ ያለውን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ለከፈለ ሰው ነው። ዕዳ ካሳደሩ አብዛኛውን ጊዜ እፎይታው ይነሣል፤ ዛሬ የገዙት ዳቦ እንኳ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል። ስለዚህ ዕዳ እየከፈሉ ባሉበት ካርድ አይገዙ። የካርዱን ቁጥር ከስልክዎና ከኢንተርኔት መገበያያዎች ያጥፉ፤ በካርዱ በኩል በራሳቸው የሚቆረጡ የአባልነት ክፍያዎችንም ወደ ባንክ ሒሳብዎ ያዛውሩ።

ብዙ ሰው የሚደናገረው መጨረሻው ላይ ነው። ዕዳውን ጨርሰው ከፍለው በሚቀጥለው ወር ትንሽ ወለድ ይመጣል። ይህ ስቴትመንቱ ከወጣበት ቀን አንሥቶ እስከ ከፈሉበት ቀን የተቆጠረው ወለድ ነው፤ የባንኩ ስሕተት አይደለም። «ጨርሻለሁ» ብለው ከተዉት የመዘግየት ቅጣት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ከዕዳው በኋላ የሚመጡትን ሁለት ስቴትመንቶች ከፍተው ይመልከቱ።

«ትንሽ ዕዳ ማሳደር ክሬዲት ስኮርን ያሳድጋል»

አያሳድግም። ክሬዲት ስኮር አበዳሪዎች የአንድን ሰው ዕዳ የመክፈል ልማድ የሚመዝኑበት ነጥብ ነው፤ ለእሱ ካርዱን ተጠቅሞ ሙሉውን በጊዜው መክፈል ይበቃል።

«ዕዳውን ዜሮ ወለድ ወዳለው ካርድ ካዛወርኩ ተገላገልኩ»

ማዛወሩ ጊዜ ይሰጣል፤ ዕዳውን አይከፍልም። የማዛወሪያ ክፍያው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። 3 በመቶ ቢሆን 6,000ው 6,180 ይሆናል። ዜሮ ወለዱ የሚቆየው 18 ወራት ከሆነ በየወሩ 344 መክፈል አለብዎት። ይህን መክፈል የማይችሉ ከሆነ፣ የቀረው ዕዳ በስንት በመቶ ወለድ እንደሚቀጥል ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። ከካርድ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ሌላ ካርድ መክፈል ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፦ ማውጫ ክፍያ አለው፣ ወለዱም በአብዛኛው ያለ እፎይታ ከዚያው ቀን ይጀምራል።

«ከትንሹ ዕዳ መጀመር ይሻላል»

በገንዘብ ረገድ የሚያዋጣው ከፍተኛ ወለድ ካለው ካርድ መጀመር ነው። ለሌሎቹ ዝቅተኛውን እየከፈሉ የተረፈውን ሁሉ እዚያ ላይ ያውሉ፤ እሱ ሲያልቅ ለእሱ ይከፍሉት የነበረውን ሙሉውን ለሚቀጥለው ያዙሩ። የካርዶቹ ወለድ ተቀራራቢ ከሆነ ግን ከትንሹ ቢጀምሩ ብዙም አይጎዱም።

«መክፈል ካቃተኝ ባንኩን ማነጋገር ዋጋ የለውም»

አንድም ክፍያ ሳያልፍዎት ይደውሉ። ገቢዎን፣ የግድ የሆኑ ወጪዎችዎንና በወር መክፈል የሚችሉትን መጠን ጽፈው ይያዙ። ወለዱ እንዲቀነስ፣ ቅጣቱ እንዲነሣና ቋሚ የአከፋፈል ዕቅድ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ካርዱ ይዘጋ እንደሆነም ያጣሩ። የተስማሙበትን በጽሑፍ ሳይቀበሉ የመጀመሪያውን ክፍያ አይላኩ።