ለእስስት ግልገል «ሙቀት ስጡት» አትበሉ

«እስስት ሁሉ እንቁላል ይጥላል።» አይደለም። ጃክሰን የሚባለው፣ ወንዱ ሦስት ቀንድ ያለው የኬንያና የታንዛኒያ ደጋ እስስት ይወልዳል። እርግዝናው ከ5 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቤት ውስጥ በጎጆ ለምታሳድጓት እናት፣ ለእንቁላል መጣያ ብላችሁ አፈር አትከምሩላት።

«ያለ ወንድ ወለደች።» ቀድሞ ከተገናኘችው ወንድ ያቆየችው ዘር ነው።

«በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ የወደቀው ሞቷል።» ሁሉም የሚወለዱት እንደዚያ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሆና ትጥለዋለች፤ ግልገሉ ተንፈራግጦ ሽፋኑን ይቀድና መውጣት ይጀምራል። በጣት አትላጡት።

«የአፍሪካ እንስሳ ስለሆነ ሙቀት ይወዳል።» ስንቱ ግልገል በዚህች አንድ አባባል አለቀ! ጃክሰን የሚኖርበት ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ጠዋቱ ጉም ነው። አዲስ የተወለደው ደግሞ 1 ግራም እንኳ አይሞላም፤ አካሉ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ሲግል መጀመሪያ ቆዳው ይነጣል፣ ከዚያ አፉን ይከፍታል። ዓይኑ ወደ ውስጥ ከሰረገደ ውሃ አጥሮታል ማለት ነው።

ቴርሞሜትሩን የጎጆው ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ «24 ነው» አትበሉ። ግልገሉ ሊወጣ የሚችልበት ከፍተኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ልክ ማሞቂያ አምፖሉ ሥር ለኩ። እዚያ ከ26 ዲግሪ ካለፈ አምፖሉን ከፍ አድርጉት ወይም ዋቱን ቀንሱ። ሌላው የጎጆው ክፍል ከ20 እስከ 24 ይበቃዋል። ሌሊት ምንም ማሞቂያ አያስፈልግም፤ 16 ቢደርስ አይጎዳቸውም። ጎጆውም አየር የሚያሳልፍ ወንፊት ይሁን፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሙቀቱ ይታፈናል።

«ውሃ በሳህን ይጠጣሉ።» የሚልሱት ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ ነው። ጠዋትና ማታ እንደ ጉም በደቀቀ ርጭት ቅጠሉን አርጥቡ፤ በመሃል ይድረቅ።

«ወንድማማቾች አይጎዳዱም።» ትልቁ ምግቡን ይሻማል፣ ትንሹ ፈርቶ መብላት ያቆማል፣ ጭራም ይነካከሳሉ። በመጠን ለዩአቸው፤ ቦታ ካለ ለየብቻ። ምግባቸው መብረር የማይችል የፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ ከሁለቱ ዓይኖቻቸው መሃል ካለው ስፋት የበለጠ ነፍሳት አትስጡ።

«ምግባቸው ላይ የሚነሰነሰው የካልሲየምና የቫይታሚን ዱቄት በበዛ ቁጥር አጥንት ይጠነክራል።» ያለ ቫይታሚን ዲ3 የተዘጋጀውን ካልሲየም ዝንቦቹ ላይ ስስ አድርጋችሁ ነስንሱ። ዲ3 ያለበት በወር ሁለቴ ይበቃል፤ የአልትራቫዮሌት አምፖል ካላቸው ቀሪውን ቆዳቸው ይሠራዋል። ቫይታሚን ሲበዛ ጃክሰኖች አንገታቸው ሥር ያብጣሉ።