ሁለተኛው ኤፕረን ምንድን ነው?

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ሁለተኛው ኤፕረን የሚባለው፣ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሙሉ በዓመት የሚከፍለው ደመወዝ ተደምሮ ሲያልፈው ቡድኑን ገንዘብ ከማስከፈል አልፎ ተጫዋች የማምጣትና የመለዋወጥ መብቱን የሚቀንስበት የወጪ መስመር ነው። በ2025/26 የውድድር ዘመን ይህ መስመር 207.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ላይ ተሰምሯል። ደንቡ የመጣው ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ ተፈራርመውት ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በጸናው የጋራ ስምምነት ነው። እዚህ የሊጉን ዓመታት የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጨዋታዎቹ በእኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለሚጀመሩ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጠዋት ቡና ላይ የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው በስልክ ከታዩ ቅንጭብ ምስሎች የሚጀምር ነው። በ2025 ክረምት በዚያ ክርክር ላይ የቆየው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ቦስተን ሴልቲክስ በ2024 ዋንጫ ያነሣበትን ቡድን፣ ያውም 6.1 ቢሊዮን ዶላር በተገመተ ዋጋ በተሸጠበት ዓመት፣ ለምን በገዛ እጁ በተነው? ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ባለቤት ቅጣቱን ከፍሎ ለምን አይቀጥልም?

ለድሬዳዋ ከተማ ደጋፊ የደመወዝ ጣሪያ የሚለው ነገር እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የእግር ኳስ ክለቦቻችን የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር፤ ከውል ውጭ ይከፈላል ስለሚባለው ገንዘብ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደተወራም ስታዲየም የሚገባ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ጣሪያ የሚያየው የአንዱን ሰው ደመወዝ ነበር። ኤንቢኤም ለአንድ ተጫዋች የሚከፈለውን እንደ አገልግሎት ዘመኑ ከጠቅላላው ጣሪያ በ25፣ በ30 ወይም በ35 በመቶ ይገድባል፤ ዋናው ቁጥጥር ግን ያለው በቡድኑ ድምር ላይ ነው። ስለዚህ ለሁለት ኮከቦች ከፍተኛውን ደመወዝ መክፈል ክልክል ባይሆንም፣ ለቀሩት የሚተርፈውን ማሰብ የቡድኑ ፋንታ ነው።

የወጪ መስመሮቹ አራት ናቸው። በ2025/26 ጣሪያው ራሱ 154.6 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ሆኖም አንድ ቡድን የራሱን ነባር ተጫዋች እንደገና ለማስፈረም እንዲያልፈው ስለሚፈቀድለት አብዛኞቹ ቡድኖች ከጣሪያው በላይ ናቸው። ቀጥሎ 187.9 ሚሊዮን ላይ የቅንጦት ግብር፣ 195.9 ሚሊዮን ላይ የመጀመሪያው ኤፕረን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለተኛው ይመጣል። ግብሩ ከባድ ነው፤ መስመሩን ያለፈ ቡድን ላለፈበት ለእያንዳንዱ ዶላር በመጀመሪያው እርከን 1 ዶላር ሲከፍል፣ ካለፉት አራት ዓመታት በሦስቱ ግብር የከፈለ ቡድን ግን በዚያው እርከን 3 ዶላር ይከፍላል፤ እርከኑ በጨመረ ቁጥርም ምጣኔው ያድጋል። ይህም ቢሆን ከ2023 በፊት የከበሩ ባለቤቶች ግብሩን እንደ መደበኛ ወጪ ቆጥረው ይከፍሉ ነበር። ሁለተኛው ኤፕረን የተፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በገንዘብ ሊመለስ ያልቻለውን ቡድን በሌላ መንገድ ለመመለስ።

መንገዱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ቡድን 20 ሚሊዮን እና 12 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈላቸው ሁለት ተጫዋቾች ቢኖሩትና ሁለቱን አጣምሮ 32 ሚሊዮን የሚከፈለውን አንድ የተሻለ ተጫዋች ለማምጣት ቢፈልግ፣ ከመስመሩ በታች ከሆነ ይችላል፤ ከሁለተኛው ኤፕረን በላይ ከሆነ ግን የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ መደመር ተከልክሏል። ባለ 20 ሚሊዮኑን ብቻውን ሰጥቶ 20 ሚሊዮን ወይም ከዚያ በታች የሚከፈለውን ከመቀበል ውጭ ምርጫ የለውም፤ ከሰጠው አንድ ዶላር የሚበልጥ ደመወዝ መቀበል አይችልም። በልውውጡ ላይ ጥሬ ገንዘብ መጨመርም ተከልክሏል። ግብር ከፋይ ቡድኖች ከማንም ጋር ውል የሌለው ነፃ ተጫዋች ለማስፈረም የሚጠቀሙበት 5.7 ሚሊዮን ገደማ የሆነ ልዩ ፈቃድም ይነሣበታል። የሚቀሩለት በዝቅተኛው ደመወዝ የሚፈርሙ አንጋፋዎች፣ ሊጉ በየዓመቱ በሚያካሂደው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) የሚገኙ ወጣቶችና ቀድሞውኑ በእጁ ያሉት ተጫዋቾች ናቸው። በሊጉ አንድ ቡድን 15 መደበኛ ውል ያላቸው ተጫዋቾች ሊይዝ ስለሚችል፣ የተቀያሪው ወንበር ግማሽ የሚሞላው በእነዚህ ነው፤ አንድ ኮከብ ሲጎዳ በቦታው የሚገባውም ከእነዚሁ አንዱ ይሆናል።

ወደ ቦስተን ስንመለስ ስሌቱ ግልጽ ነው። በ2025/26 ጄሰን ቴተም 54.1፣ ጄለን ብራውን 53.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላቸዋል፤ የሁለቱ ድምር ብቻውን ከሁለተኛው ኤፕረን ግማሽ ይበልጣል። በላዩ ላይ ጁሩ ሆሊዴይ 32.4፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ 30.7፣ ዴሪክ ኋይት 28.1 ሚሊዮን ነበሩ፤ አምስቱ ብቻ 198 ሚሊዮን አልፈው ከ207.8ቱ መስመር ጥግ ደርሰዋል ማለት ነው። ቦስተን በተከታታይ ግብር ከፋይ ስለነበረ፣ ቡድኑን እንዳለ ቢያቆየው ደመወዝና ግብር ተደምሮ ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ተሰልቶ ነበር። በግንቦት 2025 ቴተም ከኒውዮርክ ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ የተረከዝ ጅማቱ ሲበጠስ ደግሞ ያን ሁሉ ወጪ የሚያስወጣው ዋንጫ ራሱ ራቀ። ሆሊዴይ ወደ ፖርትላንድ፣ ፖርዚንጊስ ወደ አትላንታ ተሸኙ፤ አል ሆርፎርድና ሉክ ኮርኔትም ውላቸው አልቆ ሄዱ። ቡድኑ ከሁለተኛው ኤፕረን በታች ወረደ።

በእኔ ግምት ግን ባለቤቶቹን ከገንዘቡ ይልቅ ያስፈራቸው ጊዜው ነው። የውድድር ዘመኑን ከሁለተኛው ኤፕረን በላይ ሆኖ የጨረሰ ቡድን፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዙር ምርጫው ለልውውጥ እንዳይውል ይታገድበታል፤ ከቀጣዮቹ አራት ዓመታት በሁለቱ እንደገና ካለፈ ያ ምርጫ ወደ ዙሩ መጨረሻ ይወርዳል። በ2024/25 ቦስተን፣ ፊኒክስና ሚኒሶታ ከመስመሩ በላይ ስለጨረሱ የታገደባቸው የ2032 ምርጫ ነው፤ በዚያ ዓመት የሚመረጠው ልጅ ዛሬ ገና ተማሪ ነው።

ፊኒክስ የዚህ ሁሉ መጥፎው ገጽታ ነው። ኬቪን ዱራንት፣ ዴቪን ቡከርና ብራድሊ ቢልን ይዞ በ2024/25 በ36 ድልና በ46 ሽንፈት ጨረሰ፤ ከዚያ ዱራንትን ወደ ሂውስተን ልኮ፣ ቢልን ደግሞ ውሉን አፍርሶ ለአምስት ዓመታት በየዓመቱ 19.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እየከፈለው ለቀቀው። ያ ገንዘብ ለፊኒክስ በማይጫወት ሰው ስም በየዓመቱ ከድምሩ ላይ ይቆጠራል።

ደንቡን የሚደግፉ ሰዎች የሚያነሡት የቡድኖችን እኩልነት ነው። ከ2019 እስከ 2025 ሰባት የተለያዩ ቡድኖች ሻምፒዮን መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሰባቱ አምስቱ ዋንጫቸውን ያነሡት ደንቡ ከመጽናቱ በፊት ነው፤ በ2023 ያሸነፈው ዴንቨርም ቢሆን ያሸነፈው በሰኔ ወር፣ ማለትም ደንቡ ሊጸና ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። በተቃራኒው ቦስተን ቴተምንም ብራውንንም ከገበያ አልገዛቸውም፤ ሁለቱንም በሦስተኛ ምርጫ፣ በ2017 እና በ2016፣ ራሱ መርጦ አሳድጓቸዋል። ኮከብ በገንዘብ የሚሰበስበውን ቡድን ለመግታት የወጣ ደንብ ራሱ ያሳደገውንም እኩል ማስጨነቁ ለእኔ ትልቁ ጉድለቱ ነው።

ከመስመሩ በታች የወረደ ቡድን ተጫዋች የማምጣትና የመለዋወጥ መብቱን መልሶ ያገኛል፤ የቦስተን ሥጋት ግን በዚያ አያበቃም። በ2026/27 የቴተም ደመወዝ ወደ 58.5፣ የብራውን ወደ 57.1 ሚሊዮን ዶላር ያድጋል፤ ይህም ለሁለቱ በድምሩ ከ7.5 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። ጣሪያው በአንድ ዓመት ከ10 በመቶ በላይ ማደግ አይችልም፤ ለዚያው ዓመት ሊጉ በ2025 የሰጠው ግምትም 7 በመቶ ነበር። በዚህ ምጣኔ ከተሄደ የሁለቱ ድርሻ ከጣሪያው ፈጥኖ ያድጋል፤ ሦስተኛ ኮከብ ለማምጣት የሚቀረው ቦታም በየዓመቱ ይጠባል።